የዲከረንስ ሙጫ

ይሄነው ቴሌቪዥን የሚጠግነው እየተሳደበ ነው። ቴሌቪዥኑን አይሰድብም፤ እሱንማ እንደ በሽተኛ ነው የሚይዘው። በስፖንጅ ፍራሽ ላይ በፊቱ ያስተኛዋል፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ በወጡበት ቅደም ተከተል በቆርቆሮ ሳህን ላይ ይደረድራል፤ የኋላ ሽፋኑን ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል። የሚሰድበው ያመጣውን ሰው ነው።

«ይህን ዳንቴል ማን ነው ያለበሰው?»

«እናቴ ናት፣ ጋሼ ይሄነው። አቧራ እንዳይገባው ብላ ነው።»

«አንተንስ አፍንጫህን በዳንቴል ሸፍና ነው ያሳደገችህ? እኒህ ከኋላው ያሉት ቀዳዳዎች ለጌጥ የተበሱ መሰሉህ?»

እንጅባራ ብርዳም ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ጉሙ ቤት ገብቶ ከሰው ጋር ይቀመጣል። ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበቱን ለማባረር ብለው የከሰል ምድጃ ከቴሌቪዥናቸው ሥር የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ይሄነው ሽፋኑን ሲከፍት በሽታው የዳንቴል ይሁን የምድጃ በጥላሸቱ ያውቀዋል። «ጥብስ አምሮህ ከሆነ ሥጋ ቤት አለ» ይላል። ሰውየውም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑ ድኖ እንደሚመለስለት ያውቃል።

እኔ ይሄነውን ካወቅሁት አርባ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ የገበሬ ቤት በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ ጦር ሠራዊት ሲሄድ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው መንገድ መኪና ላይ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ተመልሶ መጣ። ሌላው ወታደር በባዶ እጁ ሲመጣ፣ እሱ በካኪ ሸሚዝ የተጠቀለለ አንድ ነገር በብብቱ ይዞ ነበር። ጫፉ መዳብ፣ እጀታው እንጨት የሆነ፣ በከሰል የሚግል የእርሳስ መበየጃ ነበር። በመገናኛ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረበት መሣሪያ ነው። ከሁሉ በፊት የጠገነው የአባቴን ሬዲዮ ነው። አባቴ ሬዲዮው ሲናገር እንባውን እንዳላይበት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን አሁንም አልረሳሁትም። ዛሬ አባቴም ሬዲዮውም የሉም፤ መበየጃዋ ግን አለች። ይሄነው የኤሌክትሪኩንም ከገዛ በኋላ አልጣላትም፤ መብራት ሲጠፋ ምድጃው ላይ ያግላታል።

ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ሱቅ የለውም፤ የሚሠራው በሳሎኑ ነው፤ ማስታወቂያም አልሰቀለም። አንድ ልማድ ብቻ አለው። ጥገናውን ጨርሶ ሽፋኑን ከመግጠሙ በፊት መርፌ አግሎ፣ በሽፋኑ የውስጥ ፊት ላይ «ይ» የሚል ፊደል፣ ወሩንና ዓመቱን ይጭራል። «ለምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «በኋላ የገባ ሌባ እንዲያፍር» አለኝ።

ሌባ የሚለው ማንን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ትዕዛዙን ነው።

ትዕዛዙና ይሄነው ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ሠርተዋል። ኋላ ትዕዛዙ አስፋልቱ ዳር ባለ መስታወት ሱቅ ከፈተ። ይሄነው አንዲት የተቃጠለች ቁራጭ ፈልጎ ነቅሎ ሌላ በሚበይድበት ቦታ፣ ትዕዛዙ ሙሉውን ቦርድ አንስቶ አዲስ ይገጥማል። ሥራው በአንድ ሰዓት ያልቃል። «ትዕዛዙ ጠጋኝ አይደለም፣ ቀያሪ ነው» ይላል ይሄነው። «ጥርስህ ሲያምህ እሱ ጋ ብትሄድ ጭንቅላትህን ነው የሚቀይርልህ።» ትዕዛዙም አይተኛለትም። «ይሄነው ጋ የሄደ ቴሌቪዥን ይድናል፤ ባለቤቱ ነው በስድብ የሚሞተው» ይላል። ይህ ሁሉ ለዓመታት እንደ ቀልድ ነበር። ቀልድነቱ ያበቃው በእማማ ሸጋ ቴሌቪዥን ነው።

እማማ ሸጋ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻሉም፤ እሑድ እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሴውን የሚያስቀድሱት በቴሌቪዥን ፊት ቆመው ነው፤ አንድ እጃቸው ምርኩዝ ላይ፣ አንድ እጃቸው አልጋው ራስጌ ላይ። የይሄነው እናት ዘመድ ስለሆኑ ሁልጊዜ የሚጠግንላቸው እሱ ነው። ከሳቸው ጋር በአገውኛ ሲያወራ የሚቆጣ ሰው አይመስልም፤ ቁጣው ሁሉ የአማርኛ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ስክሪኑ መርገብገብ ጀመረ። ይሄነው ለልቅሶ ዳንግላ ሄዶ ስለነበር የእህታቸው ልጅ እመቤት በባጃጅ ጭና ትዕዛዙ ጋ ወሰደችው። ትዕዛዙ ከፍቶ አየው፤ አንድ የላላ ገመድ አጥብቆ፣ አቧራውን ነፍቶ፣ በዚያው ቀን መለሰላት። በሳምንቱ እሑድ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጭስ ወጣ። መጋረጃው ተያያዘ። እማማ ሸጋ መሮጥ የማይችሉ ሰው በምርኩዛቸው መጋረጃውን እየመቱ ሲጮሁ ጎረቤት ደረሰላቸው። እሳቱ ጠፋ፤ ሰው አልተጎዳም። የተረፈው ቴሌቪዥን በጆንያ ተጠቅልሎ ይሄነው ቤት መጣ።

ይሄነው አልከፈተውም። ጆንያውን አሽትቶ ቀጥታ ወደ እድር ስብሰባ ነው የመጣው። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንሁ ያንን ቀን ከነቃሉ አስታውሰዋለሁ።

«እዚህ መካከል ሌባ ተቀምጧል» አለ ቆሞ። «እኔ የገጠምሁትን ደኅና ዕቃ ነቅሎ ወስዶ፣ የወደቀ ዕቃ ገጥሞ፣ አሮጊት ሊያቃጥል ነበር። ስሙን ልጥራ?»

«ጥራ» አለ ትዕዛዙ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«ትዕዛዙ።»

«ያንተን ዕቃ ምን ላደርገው ነው የምነቅለው? ሙዚየም ልከፍትበት?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ይሄነው ግን አልሳቀም። «ሌባ ነህ» አለው እንደገና። «ወደ ሱቅህ የሚገባውን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሜ እነግረዋለሁ፤ ሌባ ነህ።» የዛተውንም ፈጸመው። ሦስት የገበያ ቀን ሙሉ ከመስታወቱ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሞ የሚገባውን ሰው መለሰ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ምህረቴ ለሁለቱም ቀን ቆረጡ። በእድራችን ደንብ አባሉን የሰረቀ ይወጣል፤ አባሉን ሌባ ብሎ ማስረጃ ያላመጣም ይወጣል። መውጣት ማለት ስትሞት ድንኳን የሚተክልልህ፣ አልጋህን የሚሸከምልህ ሰው የለም ማለት ነው። «እሑድ ቴሌቪዥኑን ይዘህ ና» አሉት አቶ ምህረቴ። «በሰው ፊት ክፈተው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ በዚያ ቀን ከዚህ ትወጣላችሁ።»

«በደስታ» አለ ይሄነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አስጠራኝ። የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አላስችል ብሎታል።

«ነገ በሰው ፊት ብሎን ስፈታ ልዋል ነው?» አለኝ። «ዛሬ እከፍታለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ። ነገ ወረቀቱን አንብብላቸው፣ እኔ ዕቃውን እያነሳሁ አሳያቸዋለሁ። ጸሐፊ አይደለህ? ብዕር ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ጻፍ። ሽፋኑ በስምንት ብሎን የታሠረ ነው። አንዱ ጠፍቷል። ጻፍ፣ አንዱን ትዕዛዙ አጥፍቶታል።»

«ትዕዛዙ ማጥፋቱን በምን አወቅህ?»

«ሌላ ማን ያጠፋል? ጻፍ አልሁህ።»

አንዱ ብሎን ጠፍቷል ብዬ ብቻ ጻፍሁ። ሽፋኑን አነሳው። በውስጥ ፊቱ ላይ፣ ጥላሸት ቢሸፍነውም፣ «ይ፣ ነሐሴ» የሚለው ጽሑፍና ዓመቱ ይነበባል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ነበር። በአውራ ጣቱ ጠረገው። «ይኸው ስሜ» አለ ደስ ብሎት። «አሁን የሱን ጉድ እንየው።»

በቦርዱ ላይ ካፓሲተር የሚባሉ፣ የጣት ጫፍ የሚያካክሉ፣ በርሜል የሚመስሉ ዕቃዎች አሉ፤ የመብራቱን ኃይል አመጣጥነው የሚያሳልፉ ናቸው። ይሄነው ያን ክረምት ሁለቱን ነቅሎ በአዲስ ተክቷቸው ነበር። መነጽሩን አደረገ፤ ጎንበስ አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርጎ እንደገና አደረገው።

ሁለቱም ካፓሲተሮች በቦታቸው ነበሩ። አንዱ ጎኑ ጠቁሯል እንጂ የገጠማቸው ራሳቸው ናቸው፤ በጥፍሩ የምልክት ጭረት አድርጎባቸው ነበርና ጭረቱን አገኘው። ማንም አልነቀላቸውም።

«ልጻፍ?» አልሁት።

«ቆይ።»

ቦርዱን ፈትቶ ገለበጠው። ካፓሲተሮቹ ከሥር በእርሳስ በተበየዱበት ቦታ፣ በእግሮቻቸው መካከል፣ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ጥቁር ቅርፊት ተጋግሯል። እሳቱ የተነሳው ከዚያ ነው፤ መዳቡን በልቶ ፕላስቲኩን በስቶታል። ይሄነው በመርፌ ፈቅፍቆ አሸተተው። ረጅም ጊዜ አሸተተው።

«ይህ የጥድ አይደለም» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እርሳስ በመዳብ ላይ እንዲይዝ ሙጫ ያስፈልጋል፤ ሙጫው የመዳቡን ዝገት ያጥብለታል፤ አለዚያ እርሳሱ እንደ ውሃ ጠብታ እየተንከባለለ ይወድቃል። ለዚህ የሚሆነው የፈረንጅ ጥድ ሙጫ ነው፤ ይሄነውም ዕድሜ ልኩን ከባሕር ዳር የሚያስመጣው እሱን ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ግን መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በፊትም ከሙጫ ሻጩ ጋር በስልክ ተጣልቶ፣ «ያንተን ሙጫ ደጄ ላይ አገኘዋለሁ» ብሎ ዘግቶበት ነበር። በእርግጥም ደጁ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ዲከረንሱ ታሞ ነበር። ከእንጅባራ እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ ሰው ሁሉ ለከሰል የተከለው ይህ ዛፍ እየደረቀ፣ ግንዱ እየተሰነጠቀ ያነባ ነበር። ይሄነው ከአጥሩ ላይ ያን እንባ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ በቆርቆሮ ሞላው። መልኩ ከጥዱ አይለይም፤ ማር የመሰለ ነው። «ባሕር ዳርን ምን አስለመነኝ» እያለ ያሳየኝ ነበር። ሲበይድበት ይሸታል፣ ይጨሳል፤ እርሳሱ እያስቸገረ ቢሆንም በግድ ይይዝለት ነበር።

ተነስቶ ከመደርደሪያው ላይ ያንን ቆርቆሮ አወረደ። ከሥሩ የተረፈ እፍኝ የማይሞላ ሙጫ አለ። አንዱን እንክብል ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጣለ። ከሌላ ቆርቆሮ ደግሞ የጥዱን አንድ እንክብል አውጥቶ በሌላ ብርጭቆ ውስጥ ጣለ። ከዚያ ሁለታችንም ተቀምጠን ብርጭቆዎቹን አየን። ሳይሰድብ ያን ያህል ጊዜ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

የጥዱ እንደ ጠጠር ከሥር ተቀምጦ ቀረ። የዲከረንሱ ጫፉ ለሰለሰ፤ ቆይቶ እንደ ተልባ ውሃ መዝለግለግ ጀመረ።

«ውሃ ይጠጣል» አለ። «ውሃ የሚጠጣ ነገር በእንጅባራ ጉም ውስጥ በመብራት ላይ ገጥሜ ሄድሁ። ሁለት ክረምት ሲጠጣ ከረመ።» በጣቱ ጥቁሩን ቅርፊት ነካው። «ያረረው ደግሞ ከሰል ሆኗል። መብራቱ በከሰሉ ላይ ተሻግሮ ነው የተያያዘው። ሰውን ምድጃ ከሥሩ አታስቀምጡ እያልሁ ስሰድብ፣ እኔ ራሴ ከሰሉን ከውስጡ አስቀመጥሁላቸው።»

ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ አንስቼ ነበር። የኤሌክትሪኩ መበየጃ አጠገቡ ተሰክቶ ግሏል። ሽፋኑን ወደ ራሱ ሳበ። መበየጃውን አነሳና ጫፉን ስሙ ወደ ተጻፈበት ቦታ አቀረበው። አንድ ጊዜ ቢያሳልፈው ፕላስቲኩ ቀልጦ ፊደሉ ይጠፋል። ቅርፊቱን ደግሞ በመርፌ ፈቅፍቆ መጣል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የተቃጠለ ቦርድ ብቻ ይቀራል፤ የተቃጠለ ቦርድ ደግሞ ማን እንዳቃጠለው አይናገርም። ትዕዛዙ ከእድር ይወጣል። ይህን ሁሉ እሱም እኔም እናውቃለን።

«ምን ታየኛለህ?» አለኝ በቁጣ።

«ምንም።»

«ባጠፋው ትናገራለህ?»

የአባቴ ሬዲዮ ትዝ አለኝ። «እንጃ» አልሁት፤ እውነቴን ነበር።

«እንጃ ትለኛለህ? ተምረሃል፤ ጸሐፊ ነህ፤ እንጃ ትለኛለህ?» መበየጃውን ወደ ማስቀመጫው ወረወረው። «ያን ክረምት በዚህ ሙጫ ስንት ቴሌቪዥን እንደጠገንሁ ታውቃለህ? አሥራ አራት። ይህን ፊደል ባጠፋው በአሥራ ሦስቱ ቤት ያለውን ማን ያጠፋልኛል? ሕፃን የተኛበት ቤት አለ እኮ። ጻፍ። ካፓሲተሮቹ አልተነቀሉም። ጻፍ። ያቃጠለው የይሄነው ሙጫ ነው። ጻፍ አልሁህ፣ ብዕርህ የታለ?»

እሑድ ቴሌቪዥኑን እሱ፣ ሁለቱን ብርጭቆዎች እኔ ይዘን ሄድን። እማማ ሸጋንም እመቤት በባጃጅ አምጥታቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ትዕዛዙ ከነልጆቹና ከነሚስቱ ነው የመጣው፤ የሚባረር ሰው ሳይሆን የሚዳኝ ሰው መስሎ ለብሷል። ወረቀቱን አነበብሁ።

ይሄነው ብርጭቆዎቹን አንስቶ ለሁሉም አሳየ። የዲከረንሱ በሌሊት ሟሙቶ ውሃውን ልጋግ አድርጎታል። «ይህን አያችሁ?» አለ። «ከአጥሬ ላይ የለቀምሁት ነው። በየቤታችሁ የገባው ይህ ነው። ያን ክረምት እኔ ጋ ያመጣችሁ አሥራ አራት ሰዎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ቤታችሁ ሄዳችሁ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ንቀሉት። ነገ ዛሬ አትበሉ። ደግሞ እስክመጣ ድረስ ምድጃችሁን ከሥሩ አንሱ፤ ሺህ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ።»

«ሰውዬው እየተናዘዘ ነው የሚሰድበን?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

አቶ ምህረቴ ወደ ትዕዛዙ ዞሩ። «ተበዳዩ አንተ ነህ። ደንቡ ይውጣ ይላል። አንተ ምን ትላለህ?»

ትዕዛዙ ተነሳ። ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት ነበር፤ እውነቱ ሲወጣ ቁጣው የባሰበት መሰለኝ። «ሦስት የገበያ ቀን ልጆቼ ፊት ሌባ ተብያለሁ» አለ። «ደንበኛዬን ከበራፌ መልሶብኛል። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ምድጃ እርሳስ አቅልጠናል፤ ሌባ ብሆን ያኔ አያየኝም ነበር? ይቅር አልልም።» እማማ ሸጋን አየ። «ግን አሁን አይውጣ። የነዚያን ቴሌቪዥኖች ሆድ ከሱ በቀር የሚያውቀው የለም። አሥራ አራቱንም ሠርቶ ይጨርስ። ሌባ ባለኝ ቦታ ቆሞም ሌባ አይደለም ይበል። ከዚያ በኋላ ጠይቁኝ።»

«እንዲያ ይሁን» አሉ አቶ ምህረቴ።

ይሄነው ወደ ትዕዛዙ አንድ እርምጃ ሄደ። ትዕዛዙ ኮቱን አስተካክሎ ከነቤተሰቡ ወጣ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይሄነው ከመስታወቱ ሱቅ ፊት ለፊት በጠዋት ቆመ። ሦስት የገበያ ቀን ከጮኸበት ድምፅ ሳይቀንስ፣ «ትዕዛዙ ሌባ አይደለም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ግቡ» እያለ ዋለ። ለሚያላግጥበት መልስ አልሰጠም። ትዕዛዙ በመስታወቱ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ሥራውን ይሠራ ነበር። ከቀትር በኋላ ዝናብ መጣ፤ ይሄነው ከዝናቡ አልሸሸም። ገበያው ሲበተን ትዕዛዙ በሩን ከፍቶ፣ «በቃህ፤ ደንበኛ አስበረገግህብኝ» አለው። በሩንም መልሶ ዘጋው። እስካሁን በመካከላቸው የተባለው ይኸው ብቻ ነው።

አሥራ አራቱ ቴሌቪዥኖች እየተመለሱ ናቸው። አንዳንዱን በባጃጅ ሄዶ ያመጣዋል፤ አንዱ ጥርባ ድረስ ወስዶታል። የእማማ ሸጋን በመጀመሪያ ጨረሰ፤ የተቃጠለውን መዳብ በቀጭን ሽቦ ቀጥሎ፣ በጥድ ሙጫ፣ በዚያችው በመዳብ ጫፏ መበየጃ ነው የሠራው፤ መብራት ጠፍቶ ነበርና። መርፌውን አግሎ በድሮው ጽሑፍ ሥር የዘንድሮውን ወርና ዓመት ጨመረ። በሁለቱ መካከል ደግሞ «ጥፋቱ የኔ» ብሎ ጫረ። የትኛውም ጠጋኝ ቢከፍተው ያነበዋል።

ቅዳሜ ማታ አብሬው ወሰድሁላቸው። ቦታው ላይ አስቀምጦ ሰካው፤ ስዕሉ መጣ። እማማ ሸጋ በአገውኛ መረቁት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ስንወጣ ከበራፉ ዞር ብሎ አየ። እማማ ሸጋ ከሳጥናቸው አዲስ ዳንቴል አውጥተው፣ በምርኩዛቸው እየተደገፉ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ እያለበሱ ነበር።

ይሄነው ቆመ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲነሳ አየሁት። ከዚያ ተመልሶ ገባና ዳንቴሉን ከእጃቸው ወስዶ፣ በአራት አጥፎ ከትራሳቸው ሥር ሸጎጠው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገውኛ ሲቆጣ ሰማሁት።